በተሸፈነ እጅ የተለካ ክንድ

ግምጃ ቤቱ ተጭኖ ወደ እንጦጦ ሲሄድ እኔ አንኮበር ቀረሁ። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የአባቴ ዓይን ደክሟል እላለሁ። እውነት ነው፤ አባቴ መሪጌታ እጄን ካልያዘ ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አይደርስም። ነገር ግን ዓይኑ ደኅና ቢሆንም ሌላ ምክንያት ፈልጌ እቀር ነበር። አሁን ጧት ጧት በደጃችን ለስድስት ልጃገረዶች ፊደልና ዳዊት አስተምራለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ አልሞላም፤ የሰፈሩ ሰው ግን «የግምጃ ቤቷ የነበረችው» እያለ ይጠራኛል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የልብስ ክፍሉን በእንጦጦ የተረከቡት ወይዘሮ በላይነሽ ደብዳቤ ላኩልኝ። «የሠራሽበትን ዘመን፣ የጨርቁን አመራረጥና አለካክ፣ ከእመት ወለላም የተማርሽውን ጽፈሽ ላኪልኝ» ይላል። መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ፈረንጆቹ የንግዱን ውል ሊያድሱ ከባሕር ጠረፍ ተነሥተዋል። ነጋድራስ ደስታ በዚያው በድሮው የክንድ በትር ይቀጥላል ብለዋል፤ በትሩም በእኔ እጅ ነው።»

ይህን አንብቤ ደብዳቤውን አጠፍኩት፤ ከዚያ ደግሞ ገለጥኩት። ያ በትር አጭር ነው። ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ይህን እስከ ዛሬ ከአንድ ሰው በቀር ያወቀ የለም፤ እሳቸውም ዐውቀው ዝም እንዳሉ ሞቱ። ፈረንጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ካልተናገርኩ በትሩ ላይ እንደ ገና ይታተምበታል። ስለዚህ የተጠየቅሁትን ሁሉ፣ ያልተጠየቅሁትንም እጽፋለሁ።

አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ያለውን ትምህርት ለእኔ ሰጠኝ። ዳዊት ከደገምኩ በኋላ ቅኔ ቤት አስገባኝ፤ ከተማሪዎቹ ተለይቼ በሩ አጠገብ ቁርበት ላይ እቀመጥ ነበር። መምህሩ ሲጠይቁ መልሱ ይመጣልኛል፤ አፌ ግን አይከፈትም። «አንቺ፣ ቅኔሽን ለግድግዳው ነው እንዴ የምትነግሪው?» ይሉኛል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ እኔ የሸማዬን ጫፍ ወደ አፌ እስባለሁ። ሰው ሲያየኝ ፊቴን፣ እጄን፣ ድምፄን መሸፈን የለመድኩት ያኔ ነው። ጎረቤቶቻችን ጨዋነት ይሉት ነበር። እኔም አመንኳቸው።

የመጀመሪያ ሥራዬ ደብረ ብርሃን ነበር፤ ከመንዝና ከተጉለት የሚመጣው የሱፍ ልብስ በሚገባበት ቤት። ሹሙ ማንበብ ስለማይችሉ የገባውን የሚጽፍላቸው ሰው ፈለጉ፤ አባቴንም ያውቁት ነበር። ድርጎዬ እህልና ጨው ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወራ ነገር የለውም። ብርዱ ግን ይወራል። ጧት ቀለሙ በቀንዱ ውስጥ ስለሚረጋ ቀንዱን ብብቴ ሥር ይዤ አሞቀው ነበር። ስጽፍ እጄ ብቻ ከሸማው ይወጣል፤ ጽፌ ስጨርስ ወዲያው ይመለሳል።

እመት ወለላን ያየሁት እዚያ ነው። ለቤተ መንግሥቱ ባና ሊመርጡ ከአንኮበር መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ራሳቸውን በነጭ ጨርቅ ያሰሩ አሮጊት ነበሩ። አንድ የመንዝ ሰው ያመጣውን ወፍራም የሱፍ ባና ደርድሮ ቆሟል። እመት ወለላ በዓይናቸው ከማየት ይልቅ አንዱን ባና አንሥተው አሸተቱት፤ ጉንጫቸው ላይ አደረጉት፤ ከዚያ መዳፋቸውን ውኃ ነክረው በላዩ አሳለፉ።

«እመቤቴ፣ ልብስ ነው ወይስ ወጥ ነው የሚያሸቱት?» አለ ሰውዬው።

«ወጥ ቢሆን በልቼ ዝም እል ነበር። ይህን የፈተለችው ሴት ሱፉን ሳታጥበው ነው የፈተለችው። ክረምት ሳይወጣ ብል ይበላዋል።»

«እንግዲህ ሚስቴን አሙልኝ!»

«አላማኋትም። እጇማ ወርቅ ነው፣ ክሩን አትመለከትም? ያጣደፍካት አንተ ነህ።»

ሰውዬው ሳቀና ባናውን ተሸክሞ ሄደ። እመት ወለላ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ሽታው ደርሶሽ ነበር?» አሉኝ። በቀስታ «አዎ» አልኩ። «ከዚህ በፊትስ እንዲህ እየሸተተ የገባ አለ?» አሉ። ነበረ፤ ብዙ ነበረ፤ እኔ ግን ሥራዬ መጻፍ እንጂ መናገር አይደለም ብዬ ነበር። የሸማዬን ጫፍ ወደ አፌ ሳብኩ። «ዐውቀሽ ዝም ማለትሽን አልወደድኩትም» አሉ። ከዚያ ሹሙን አስፈቅደው አንኮበር ይዘውኝ መጡ። ለምን እንደ ወሰዱኝ ኋላ ስጠይቃቸው «አፍንጫሽ ጥሩ ነው፤ አፍሽን እኔ እሠራዋለሁ ብዬ ነዋ» አሉኝ። አፌን ግን ሳይሠሩት ሞቱ።

በአንኮበሩ ግምጃ ቤት መካከል አንድ የጽድ ምሰሶ አለ። አሁንም ቆሟል፤ ዕቃው እንጂ ቤቱ አልተጫነም። በምሰሶው ላይ ሁለት ጭረት ተቆርጧል። ከታችኛው ላይ ክርን ያርፋል፤ ከላይኛው ላይ የመካከለኛው ጣት ጫፍ ይደርሳል። የአንኮበር ክንድ ማለት ይህ ነው፤ ከእመት ወለላ በፊት የነበሩት ሴት፣ ከእሳቸውም በፊት የነበሩት በዚሁ ይለኩ ነበር። እመት ወለላ ጨርቅ ከመለካታቸው በፊት እጃቸውን ታጥበው በነፋስ ያደርቃሉ፤ ከዚያ ቢቸኩሉም ቢታመሙም ምሰሶው ጋ ሄደው ክርናቸውን አሳርፈው ጣታቸውን ይዘረጋሉ። ይህን ሳያደርጉ አንድ ጥቅል እንኳ ሲፈቱ አይቼ አላውቅም።

«ሁልጊዜ ለምን ይለካሉ? ክንድዎ እንደሆነ አይለወጥ» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ክንዴ አይለወጥም፤ እኔ ግን እለወጣለሁ። የወደድኩት ሰው ሲመጣ ይረዝማል፣ የጠላሁት ሲመጣ ያጥራል። ምሰሶው የሚወደውም የሚጠላውም የለ። ነይ እስቲ አንቺም።»

ክርኔን በታችኛው ጭረት አሳረፍኩ። ጣቴ ከላይኛው ጭረት ዝቅ ብሎ ቀረ። እመት ወለላ ሳቁና ጣቶቼን አንድ በአንድ በምሰሶው ላይ ዘረጉልኝ፤ ልክ ደረሰ። «ይኸው ተተኪዬ! ይህን የጣት መሰብሰብ ብቻ ተይው። ማን ሊነክስሽ ነው?» አሉኝ።

የተማርኩት ሌላው ነገር ብዙ ነው፤ ለወይዘሮ በላይነሽ የሚጠቅመውን ብቻ ልጥቀስ። ጥበብ ሲመረጥ ጥለቱን ከማየት በፊት መነሻውን ማየት ነው፤ ሸማኔ ሲጀምር ያልጠነቀቀ ሲጨርስ አይጠነቀቅም። ኩታ በፀሐይ አንጻር ተይዞ ይታያል፤ ክሩ በአንድ በኩል ጠብቆ በሌላው ከላላ ከሁለት ሴቶች ፈትል የተሠራ ነው፤ ሲታጠብ ይጣመማል። ከባሕር ማዶ የሚመጣው አቡጀዲ ደግሞ እስኪታጠብ ድረስ አይታመንም፤ ድርቅ ያለው በሙጫ ነው። እኔ እነዚህን ሁሉ በጣቴ ዐውቃለሁ። ለሰው አስረጂ ስባል ግን ጣቴን ወደ ሸማዬ እመልሳለሁ።

የውሉ ነገር በመጣ ጊዜ ሥራ ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነበር። ፈረንጆቹ በአፋር በረሃ በግመል ተጉዘው አንኮበር ወጡ። እነሱ ጨርቅና ጠመንጃ አላቸው፤ ከእኛ ቡና፣ ቆዳና ዝባድ ይፈልጋሉ። የኛን ወገን ይዘው የተከራከሩት የነጋዴዎች አለቃ ነጋድራስ ደስታ ነበሩ፤ ሰውነታቸው ደልደል ያለ፣ ሳቅ የማይለያቸው፣ ለእኔ ዘወትር ደግ የነበሩ ሰው ናቸው። እኔ ለክርክሩ በተሠራው ዳስ ከኋላቸው ጥግ ላይ ተቀምጬ የሚባለውን በአማርኛ እጽፍ ነበር።

«ጨርቃችን በየኬላው ያለ ቀረጥ ይግባ» አለ ፈረንጁ በአስተርጓሚው በኩል።

«ቡናችንስ በእናንተ ጠረፍ ያለ ቀረጥ ይወጣል?» አሉ ነጋድራስ።

«እሱ በሌላ ሹም እጅ ነው፣ ወደ ፊት ይታያል ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ያ ሌላ ሹም ታዲያ ለምን አብሮ አልመጣም? በረሃውን ፈርቶ ነው?»

ዳሱ በሙሉ ሳቀ። ፈረንጁም አብሮ ሳቀ፤ መልስ ግን አልሰጠም። ክርክሩ ሁሉ እንደዚህ ነበር። በቀልድ ነጋድራስ ያሸንፋሉ፤ በወረቀቱ ላይ ግን የምጽፈው የፈረንጁን ቃል ነበር።

በዕረፍት ሰዓት ነጋድራስ ግምጃ ቤቱ በር ላይ መጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሳቃቸው ጠፍቶ ነበር። «እመት ወለላ፣ ምን ላድርግ ይላሉ? እነሱ የኛን ቡና ቢያጡ ከሌላ አገር ይጭናሉ። እኛ የእነሱን መንገድ ብናጣ ጠመንጃው ከየት ይመጣል? እነሱም ይህን ያውቃሉ፣ እኔም እንደሚያውቁ ዐውቃለሁ።»

እመት ወለላ ክር እየለቀሙ ነበር። «እንግዲያው ሁሉን ልያዝ አይበሉ። መስፈሪያውን ብቻ አጥብቀው ይያዙ» አሉ። «ቡናው በአንኮበር ቁና፣ ጨርቁ በአንኮበር ክንድ ይሁን። በእነሱ ብረት ከተለካ ገበያተኛው ምን ሰጥቶ ምን እንደ ተቀበለ በምን ያውቃል?»

ነጋድራስ ሦስት ቀን በዚህ ላይ ተከራከሩ። ቀረጡን ለቀቁ፣ መንገዱን ለቀቁ፣ ፈረንጆቹ ከማን እንደሚገዙ የመምረጡንም ነገር ለቀቁ። በሦስተኛው ቀን ፈረንጁ እጁን አወናጭፎ እሺ አለ፤ ለአንድ ቁና ቡና ይህን ያህል ክንድ ጨርቅ ተብሎ ተጻፈ። ነጋድራስ ከዳሱ ወጥተው ግቢው መካከል ቆሙና «በእኛ ቁና! በእኛ ክንድ!» ብለው ጮኹ። ሰው እልል አለ። ከዚያ ሁሉ ክርክር ይዘን የወጣነው ይህን አንድ ነገር ነበር። እኔም ይህን ዐውቅ ነበር፤ ሁሉን የጻፍኩት እኔ ነኝና።

በማግስቱ ፈረንጁ «ክንድ የማን ነው? አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር ነው። አንድ በትር ይቆረጥና ማኅተም ይደረግበት» አለ። ነገሩ ትክክል ነው። ምሰሶው ያለው ግምጃ ቤት ውስጥ ነው፤ ወደዚያ ደግሞ የውጭ ሰው አይገባም። ስለዚህ የግምጃ ቤቷ ለኪ ክንድ ወደ ዳሱ ይምጣ ተባለ። እመት ወለላ ግን ከዓልዩ አምባ ገበያ በያዛቸው ወባ ተኝተው ነበር። «የሷና የኔ ክንድ አንድ ነው፣ እሷ ትሂድ» አሉ፤ ወደ እኔም ዞረው «ምሰሶው ላይ ለክተሽ ሂጂ» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጣቴን ዘረጋሁ፤ ልክ ደረሰ። ወደ ዳሱ ሄድኩ።

ዳሱ በመኳንንትና በነጋዴ ሞልቷል። መካከሉ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ የፈረንጆቹ አናጢ የወይራ በትርና ስለት ይዞ ቆሟል። ያን ሁሉ ሰው ሳይ ክንዴን ማራቆት አልቻልኩም። በትልቅ ሰው ፊት እጅን ሸፍኖ መቅረብ ደግሞ የተማርነው ሥርዓት ነው። ሸማዬን እስከ ጣቴ ጫፍ አወረድኩና ክንዴን እንደ ተሸፈነ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ማንም አልተቃወመኝም፤ እንዲያውም አንድ ሽማግሌ «የጨዋ ልጅ» ሲሉ ሰማሁ።

ጣቴ በሸማው ውስጥ ተዘርግቶ ነበር። አናጢው በትሩን አስጠግቶ በክርኔ በኩል ልክ አደረገ፤ ከዚያ የእጄን ጫፍ ሊያገኝ በሸማው ላይ ጣቶቼን ያዘ። የባዕድ ወንድ እጅ ነክቶኝ አያውቅም። ደነገጥኩና ጣቶቼን ወደ መዳፌ ሰበሰብኩ። ሸማው ያው ሸማ ነው፤ ከላይ የሚታይ ነገር የለም። አናጢው ጫፉ ነው ብሎ በያዘው ቦታ ላይ በስለቱ ጫረ። የያዘው የጣቶቼን መታጠፊያ ነበር።

ዐውቆት ይሆን? ስለዚህ ብዙ አስቤያለሁ። አንዳንድ ቀን ዐውቋል እላለሁ፤ የአናጢ እጅ ጣትና ጉብታ አይለይም? ግን ይህን ማሰብ ስጀምር ጥፋቱን ከራሴ ላይ ለማንሣት መሆኑን እረዳለሁና እተወዋለሁ። እሱ ቢያውቅም ባያውቅም እኔ ዐውቅ ነበር። በዚያች ሰዓት ጣቴን መዘርጋት ይበቃ ነበር። ወይም «ቆይ» ማለት። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር፤ ዝም አልኩ።

በትሩ ተቆረጠ፤ በሁለቱም ጫፍ ነሐስ ገባበት። ግልባጭ ተሠርቶለት አንዱ ለእነሱ አንዱ ለእኛ ሆነ። ከዚያ ነጋድራስ ወረቀቱን ሰጡኝና «አንብቢልን የኔ ልጅ፤ ዛሬ ቀንሽ ነው» አሉኝ። በሕይወቴ በሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ ያነበብኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ቡናው በአንኮበር ቁና፣ ጨርቁም ዛሬ በተለካው በዚህ በትር ይሁን» ብዬ አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ማኅተሙ ወረደ።

ማታውን ለእመት ወለላ አጥሚት ይዤላቸው ገባሁ። ትኩሳቱ ለቋቸው ነበር። «እንዴት ሆነ?» አሉኝ።

«ደኅና ሆነ።»

«ጣትሽን ዘርግተሽ?»

«አዎ፣ እመት።»

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። በዳሱ ውስጥ ድንጋጤ ነበር እላለሁ፤ እዚህ ግን ማንም አልነበረም። ከሚወዱኝ ሴት ፊት ተቀምጬ፣ ሳልደነግጥ ዋሸሁ።

ከአልጋ በተነሡ በሦስተኛው ቀን በትሩ ወደ ግምጃ ቤቱ ገባ። እኔ ደጅ ክር ስዘረጋ በበሩ በኩል አየኋቸው። እጃቸውን ታጠቡ፤ በነፋስ አደረቁ። በትሩን ይዘው ወደ ምሰሶው ሄዱና በታችኛው ጭረት ላይ አቆሙት። በትሩ ከላይኛው ጭረት አንድ ጋት ዝቅ ብሎ ቀረ። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዞሩም። በትሩን በቦታው አንጠልጥለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ልማድ አመጡ። ለግቢው ሰው ጨርቅ ሲሰጡ በውሉ እንደ ታዘዘው በበትሩ ይለካሉ፤ በየክንዱ መጨረሻ ግን አራት ጣታቸውን አጋድመው ያን ያህል ይጨምራሉ። ተቀባዩ ምርቃት ነው ብሎ አመስግኖ ይሄዳል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ። አራት ጣት፣ ደግሞ አራት ጣት። አንድም ቀን ቀና ብለው አላዩኝም፤ አንድም ቀን ሳያደርጉት አልቀሩም።

ለምን ዝም እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም። የንጉሥ ማኅተም በሐሰት ላይ ወረደ ቢባል በእኔና በነጋድራስ ላይ የሚመጣውን ያውቁ ነበር። ደግሞም እኔ ራሴ እስክናገር ይጠብቁኝ የነበረ ይመስለኛል።

በዓመቱ ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ዓልዩ አምባ ገበያ ተላክሁ፤ የሸማኔዎቹን ሥራ አይቼ ለግቢው ልመርጥ። አባ ጀማል የሚባሉ አርጎባ ሸማኔ ነበሩ፤ ግምጃ ቤቱ ኩታ የሚወስደው ከእሳቸው ነው። ሄጄ ሳይ መሸመኛ ጉድጓዳቸው ባዶ ነበር፤ አፉ ላይ ዶሮ ተኝታለች።

«አባ ጀማል፣ ሥራ የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ዶሮዋ ትሸምናለች፣ አታያትም?» አሉ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «ፈትል የሚያመጣልኝ ጠፋ፣ ልጄ። ያ የፈረንጅ ጨርቅ በየበሩ ነው። ቡና ያለው ሰው ቡናውን ሰጥቶ ያንን ይቀበላል። የሚቀበለውም ቢበቃው ደግ ነበር! ሰው ሁሉ ይለብሰዋል፣ ሁሉም ያጥርበታል። ለቀሚስ በስድስት ክንድ የለመደች ሴት በስድስት ክንድ ጉልበቷ ይታያል። ታጥቦ ገባ ይላሉ። አልታጠበም እኮ!»

እሳቸው ቀጠሉ።

«ወንድሜ በረመዳን መግቢያ ሞተ። ቀብሩ በዚያው ቀን መሆን አለበት። እኔ ሸማኔው፣ አንድ ክንድ ጨርቅ በእጄ የለም። የወንድሜን ቡና ይዤ ሮጬ ሄድኩና አቡጀዲ አመጣሁ። የሰው ቁመት አራት ክንድ ነው፤ ከፈን ሁልጊዜ የምንቆርጠው በዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ ሲገንዙት እግሩ ወጣ፤ እስከ ቅልጥሙ ወጣ። ሌላ እንዳልገዛ ቡናው አለቀ። በሣር ሸፈንነው፣ ወላሂ፣ በሣር።» በሩ ጥግ የቆመውን የበትሩን ግልባጭ አንሥተው አወዛወዙት፤ በገበያው ነጋዴ ሁሉ እጅ እንዲህ ያለ ግልባጭ ነበረ። «ይህ የማን ክንድ ነው ለመሆኑ? የሕፃን ነው? ነጋድራስ በእኛ ክንድ ብለው ሲፎክሩ ሰምተናል። እንዲህ ያለ ክንድ ያለው ሰው አንኮበር ላይ ካለ አሳዪኝ፣ እኔ አጥሚት አጠጥቼ ላሳድገው።»

ቆመው የሚያዳምጡ ሰዎች ሳቁ። እኔ እጄን በሸማዬ ውስጥ አድርጌ በፊታቸው ቆሜአለሁ። ያ ክንድ ከእሳቸው ሁለት እርምጃ ርቆ ነበር። «አላህ ያጽናዎት» ብቻ አልኳቸው፤ በቅሎዬን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

ይህን ለእመት ወለላ ነገርኳቸው፤ የከፈኑን ነገር ብቻ፣ የራሴን ሳልጨምር። በዚያን ጊዜ በሽታው ተመልሶባቸው ብዙ አይነሡም ነበር። ሰሙኝና መዳፋቸውን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጉ። አራቱን ጣት አጋጠሙ።

«እኔ የጨመርኩት ለግቢው ሰው ነው» አሉ። «ለገበያው ማን ይጨምርለት?»

በጾመ ፍልሰታ ዐረፉ። እኔ ቦታቸውን ተረክቤ ሁለት ዓመት ሠራሁ፤ እኔም አራት ጣት እየጨመርኩ። ሰዎች ስለዚህ ሲያመሰግኑኝ መሬቱን አያለሁ። ከዚያ ግቢው ወደ እንጦጦ ተነሣ።

ወይዘሮ በላይነሽ፣ ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ ያደረግሁትን ልንገርዎ። ለአባ ጀማል የበትሩን ግልባጭ ይዘው ወደ አንኮበር እንዲወጡ መልእክት ላክሁላቸው። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁትን ዘበኛ አስከፍቼ፣ አባቴን እጁን ይዤ፣ ሦስታችን ምሰሶው ጋ ቆምን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። አባቴ መቋሚያውን ይዞ ራሱን ዝቅ አደረገ። አባ ጀማል እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ያን ቀን በገበያ ስነግርሽ ታውቂ ነበር?» አሉ።

«ዐውቅ ነበር።»

«ከት ብለን ስንስቅም?»

«አዎ።»

እኔ ሸማዬን ከትከሻዬ አወረድኩና ክንዴን እስከ ላይ ገለጥኩ። ክርኔን በታችኛው ጭረት አሳርፌ ጣቴን ዘረጋሁ። አባቴ ስለማያይ በእጁ መዳፌን ፈልጎ አገኘና እያንዳንዱን ጣቴን እስከ ጥፍሬ ተከትሎ ዳሰሰ። የመካከለኛው ጫፍ ጭረቱ ላይ መድረሱን ነካ። «ተዘርግቷል፣ ምስክር ነኝ» አለ። አባ ጀማል ከጭረት እስከ ጭረት የሸማኔ ክር ወጥረው ቆረጡ፤ ክሩም ከዚህ ወረቀት ጋር ተሰፍቷል።

ነጋድራስ ደስታ እንደሚያዝኑ ዐውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ ክርክር ይዘውት የወጡት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ ይኮሩበታል። ፈረንጆቹ በፊታቸው ሲቀመጡ በትሩንና ክሩን ጎን ለጎን ያኑሩላቸው። የማን ክንድ ነው ብለው ቢጠይቁ ስሜን አይሸፍኑ፤ የወለተ ሥላሴ ነው፣ ያኔም የእሷ ነበር ይበሉ። እዚያው ልምጣ ከተባልኩም እመጣለሁ፤ ክንዴን ገልጬ በፊታቸው አስለካለሁ።

አባ ጀማል ክሩን ከቆረጡ በኋላ ወዲያው አልሄዱም። ወለሉ ላይ ተቀመጡ፤ ክሩን ዘርግተው ግልባጩን በትር አጠገቡ አኖሩ። በመካከላቸው ያለውን ልዩነት በአራት ጣታቸው ለኩ፤ ልክ ሆነ። ከዚያ አንድ እግራቸውን ዘረጉና ለከፈኑ አራት ክንድ በየክንዱ አንድ ጊዜ እያሉ ያንኑ መዳፍ ከተረከዛቸው ጀምረው ወደ ላይ ማኖር ጀመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው ቅልጥማቸው ላይ ዐረፈ። እጃቸውን ከዚያ ሳያነሡ ቀና ብለው አዩኝ።

«እስከዚህ ነበር» አሉ።

ፊቴን ልሸፍን እጄ ወደ ሸማዬ ሄደ። መለስኩት፤ እያዩኝም ፊቴን ገልጬ ቆምኩ።